የቀሚሱ ኪስ የት ሄደ

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ መርፌ ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝና እውነቱ ከእኔ ዘንድ ነው። እናታችን ታማ በተኛችበት ዘመን፣ መርፌ ገና እግር ሥር የምትርመሰመስ ልጅ ሳለች፣ ሥራ እንዳታስፈታኝ ብዬ «መርፌ ጠፍቶብኛል፤ ወለሉ ላይ ፈልጊልኝ» አልኳት። እንዲያውም መርፌ አልጠፋብኝም ነበር። ድስቱን አውጥቼ ስመለስ ግን መርፌ አግኝታ፣ ከአልጋ ሥርም ቁልፍና የተበጠሰ ክር ለቅማ፣ ሁሉንም በመስመር ደርድራ ጠበቀችኝ። «ሌላስ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መርፌ ሆና ቀረች።

እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው። እናታችንን የሚያስታምም፣ እሷንም የሚያሳድግ ሰው ያስፈልግ ነበር። እሷ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ከዚያ ባል መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ባልየው እንጀራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ ከኮሌጁ ስፌቱ ቀደመ። ስለ ትምህርቱ ባነሳሁባት ቁጥር «ለጊዜው በስፒል ይዤዋለሁ እንጂ አልተውኩትም፣ እትዬ» ትለኝ ነበር። እኔም የሰው ወግ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ጠጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ሲጀምር አንድ ቀን ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ወጣች፤ ተመዝግባ ተመለሰች። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆነች።

ስፌት ቤታችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከመስኮቱ ሥር መኪናው፣ መሃል ላይ መቁረጫ ጠረጴዛው፣ ከበሩ ጀርባ ጥጉ የተሸረፈ መስታወት። የእኔ ቦታ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ በእጄ እሰፋለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ለወገቤ ብላ መርፌ ትራስ ሠርታልኛለች። ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ አይጥልም፤ ከጠረጴዛው የተረፈው ሁሉ ተጠርጎ ወደ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ ትራስ ነው። ትራሴ ሳሳ ባለ ቁጥር ስፌቱን ፈታ ትሞላልኛለች።

ልጇም በተራዋ እዚያው ኮሌጅ ገባች፤ እሷ የመደበኛው ክፍል ናት። የቅዳሜና እሁዱ ትምህርት ረጅም ስለሆነ እናትየው ቀድማ ብትጀምርም ልጅየው ደረሰችባት። የመጨረሻው ዓመት ላይ ሁለቱም እኩል ሆኑ፤ በአንድ ቀን ሊመረቁ ነው ማለት ነው። ልጅቱ እናቷን «የክፍል ጓደኛዬ» እያለች ታበሽቃታለች፤ እናትየውም «የክፍል ጓደኛሽ ልብስሽን አታጥብልሽማ» ትላታለች። እኔ ደግሞ ሳልነግራቸው ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁ። እናትና ልጅ ጋዋን ለብሰው፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ የምንነሳው ፎቶ እዚያ ይሰቀላል። መርፌ ምስማሩን አይታ ሳቀች። «እትዬ፣ ሳይፈተል ለበስሽው» አለችኝ።

ለመመረቅ የቀራት አንድ ጽሑፍ ነበር። ተማሪው ሁሉ አንድ ነገር አጥንቶ መጻፍና በመምህራን ፊት ቆሞ መከራከር አለበት። ያን ጽሑፍ ካልተቀበሉት ለዚያ ዓመት ምረቃ የለም፤ ልጅቱ ለብቻዋ ትመረቃለች።

መርፌ ርዕሷን «ልብስ» ብላ ሄደች። አማካሪው መምህር ከእሷ የሚያንስ ወጣት ነው። እሱ እሷን እርስዎ፣ እሷም እሱን እርስዎ እያሉ ሲከባበሩ ጉዳዩ ቶሎ አያልቅም። «ልብስ ርዕስ አይደለም፤ ገበያ ነው» አላት። «ርዕስ አያምጡልኝ፤ ጥያቄ ያምጡልኝ። መልሱን የማያውቁትን፣ ግን እንቅልፍ የሚነሳዎትን።»

እቤት ተበሳጭታ መጣች። ልጅቱ ስልኳን አወጣችና «እማዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው» ብላ ስለ ልብስ ስትጠይቀው ስልኩ ዝርዝር ማዝነብ ጀመረ፤ በጣቷ ብትገፋው ብትገፋው ማለቂያ የለውም። ከላይ ያለውን ወስዶ ትንሽ ቃል መቀያየር ነው አለቻት። መርፌ መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችና ስልኩን መለሰችላት።

«ይሄ እኮ የሰልባጅ ክምር ነው» አለች። «ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ ከገባሽበት የማትለብሺውን ተሸክመሽ ትወጫለሽ።»

ጥያቄው የመጣው ከእኔ ወንበር ነው። የዩኒፎርም ወቅት ነበር፤ ቤቱ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። እሷ የሴቶቹን ጉርድ ቀሚስ ትሰፋለች፣ እኔ ጠርዙን እሠራለሁ። እንደው ዝም ብዬ፣ ለራሴ ያህል፣ «የእኛ ጊዜ ቀሚስ ኪስ ነበረው» አልኩ። በቀኝ በኩል፣ እጅ ሙሉ የሚያስገባ። ምን ትይዢበት ነበር አለችኝ፤ ጠመኔ አልኳት። ሰሌዳ የማጠፋው እኔ ነበርኩና መምህርቷ ያለቀውን ጠመኔ ትሰጠኝ ነበር። ትምህርት ያቆምኩ ዕለትም ኪሴ ውስጥ ነበረ። ቀሚሱ ለጨርቅነት እስኪቀደድ ድረስ ኪሱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

መኪናው ቆመ። መርፌ እጇን መንኮራኩሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ይህን ያህል ዓመት የሴት ልጅ ዩኒፎርም ስትሰፋ አንድም ቀን ኪስ አድርጋለት አታውቅም፤ የተሰጣት ናሙና ኪስ የለውማ። የወንዶቹ ሱሪ ግን ሁለት አለው።

«ታዲያ የት ሄደ?» አለች።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ደስ ያለው መምህር ደግሞ ሥራ ያበዛል። በየት አገር? በየትኛው ዘመን? የሁሉም ትምህርት ቤት ወይስ የመንግሥቱ? እያለ እንደ ሰፊ ቀሚስ ከጎንና ከጎን አጠበበላት፤ በመጨረሻ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከእኔ ዘመን እስከ እሷ ዘመን ባለው ላይ ቆመ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ላካት። እሷም ለብቻዬ አልገባም ብላ እኔን አስከተለች።

እንደዚያ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በጸሐይ የነጣ መጋረጃ፣ ሲራመዱበት የሚያቃስት የእንጨት ወለል። የቤቱ ኃላፊ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ተማሪው ጋሽ ዝምታ ይላቸዋል። ሹራባቸው መሃል ላይ ቁልፍ የለውም፤ መርፌ ከመጽሐፉ በፊት ያየችው እሱን ነው።

ጋሽ ዝምታ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ግን ያወራሉ። መጽሐፍ ሁሉ ዘመድ አለው አሏት። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ካገኘሽ ከፊቱ አትጀምሪ፤ ከኋላው ገጽ ጀምሪ፤ ጸሐፊው ማንን ጠይቆ እንደጻፈ እዚያ ተደርድሯል። ከዚያ ዘመዶቹን አንድ በአንድ እየዞርሽ አንኳኪ። መግቢያውንና መደምደሚያውን ሳታነቢ መሃሉን አትጀምሪ፤ ያንቺን ጉዳይ የማያውቅ መጽሐፍ ጊዜሽን ይበላል። መጽሐፍ ብቻም አይበቃም፤ የድሮ ጋዜጣ አለ፣ የትምህርት ቤቶች መመሪያ አለ፣ በሕይወት ያለ ሰው አለ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ፤ እኔም መቀነቴን አስተካከልኩ።

መጽሐፉ ከቤቱ አይወጣምና የምትፈልገውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሳች። ጋሽ ዝምታ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጀርባው ላይ ጻፊበት አሏት። እሷም ገጹን አሳየቻቸው፤ የመጽሐፉ ስም ከላይ ታትሟል፣ የገጹ ቁጥርም ከሥሩ አለ። እውነት ነበር። እሳቸውም እሺ ብለው ተዉት፤ የልብስ ሰፊን እጅ ከየት ያውቁታል?

ያን ሰሞን ስፌት ቤታችን ግማሹ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ደንበኛ ሲመጣ መርፌ ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠምጥማ መሄጃ አሳጥታ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ «ኪሱን ያነሱባችሁ እንዳትኮርጁ ነው፣ አይደል?» እያለች ነበር የምትጠይቀው። መጻሕፍቱ ውስጥ እንደዚያ የሚል አግኝታ ስለነበር ነው። ሴቶቹም ሜትር ወገባቸው ላይ ሆኖ ምን ይላሉ፤ አዎ ይላሉ። መምህሩ ይህን ሲሰማ ሳቀባት። መልሱን አፋቸው ውስጥ ሰፍተው ነው እኮ የሚጠይቋቸው አላት። ከዚያ በኋላ «ቀሚስሽ ኪስ ነበረው? ምን ትይዢበት ነበር?» ብላ ዝም ማለት ተማረች። ዝም ማለት ለእሷ ከባዱ ትምህርት ነው። ያኔ ወሬው እንደ ክር ጥቅልል ተፈታ፤ አንዷ ለምሳ መብሊያ የተሰጣትን ሳንቲም፣ አንዷ የታናሽ ወንድሟን ጥርስ፣ አንዷ ጎረቤት ልጅ የሰጣትን ወረቀት። ይቺኛዋ የልጁን ስም አልናገርም ብላ ጉርዷን ሳትለካ ልትወጣ ነበር።

ጽሑፉን የሠራችው ደግሞ በለመደችው መንገድ ነው። ትልቁን የቅድ ወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ፎቶ ኮፒዎቹን ይዛ በወረቀት መቀሷ ጀመረች፤ የጨርቁ መቀስ ወረቀት ከነካማ ጉድ ነው፣ ልጅቱ በዚያ ምክንያት የቀመሰችውን አትረሳም። የምትፈልገውን አንቀጽ ብቻ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን አስተካክላ ትከረክመዋለች፣ ከዚያ ትልቁ ወረቀት ላይ በስፒል ትይዘዋለች። ይሄ ኮሌታው ነው ትላለች፤ መግቢያው ማለቷ ነው። ይሄ ደረቱ፣ ይሄ እጅጌው። ደረቱ ላይ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ከሁለት መጻሕፍት የተወሰዱ። ሁለቱም ኪሱ የተነሳው ልጃገረዶቹ የፈተና መልስ ስለሚደብቁበት ነው ይላሉ። ሁለት ምስክር ሲገጥም ደግሞ ምን ይፈለጋል? ጽሑፉ ሁሉ በዚያ ላይ ተሰፋ። ከጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ጨርቁንም ወረቀቱንም አንድ ላይ ጠርጋ ወደ ከረጢቷ ከተተች። ሳሳ ብሎ የነበረውን ትራሴንም በዚያው ሳምንት ሞላችልኝ።

እውነት ለመናገር ያማረ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ለመምህሩ አሳየችው፤ የሚረከቡበት የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። መምህሩ እያነበበ ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄው ግልጽ ነው አላት፤ ምስክሮቿ ያወራሉ አላት። ከዚያ ጣቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አደረገ። ይሄ ከየት ነው? አለ። ይሄስ? ይሄኛውስ? ጸሐፊው፣ መጽሐፉ፣ ገጹ?

አንዱንም አታውቀውም። ስሙ ከላይ፣ ቁጥሩ ከሥር ነበረ፤ እሷ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ዳር የተረፈ ነገር አይታ አታልፍም። ሁሉንም ከርክማዋለች።

መምህሩ አልተቆጣም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ግን መቀበል አልችልም አላት። ሰኞ እስኪመሽ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ የሚቀጥለው ዓመት አለ፣ አላት።

እንደገባች ነገሩን በሁለት ቃል ነገረችን። ከዚያ ቁጭ ብላ መርፌ ክር ማስገባት ጀመረች፤ የሚሰፋ ነገር ግን አልያዘችም። እኔና ልጅቱ ተያየን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ ያላት አልመሰላትም። ልጅቱ ስልኳን ይዛ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ብትጽፍለት ጥቂቱን አገኘላት፤ የቀሩት መጻሕፍት ስልክ የማያውቃቸው አሮጌዎች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ መጽሐፍ እንደገና መግለጥ ደግሞ የማይሞከር ነው።

«እትዬ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ምስማሩን ንቀይው።»

አልነቀልኩትም። በማግስቱ እሁድ ጠዋት ሦስታችንም ያው ክፍል ውስጥ ተኮራምተን ተቀምጠናል። የሰው ፊት ላለማየት ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ትራስሽ ምን ሆኖ ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«እሱማ ከሞላችልኝ ወዲህ ሲያወራ ነው የሚውለው» አልኳት። «እኔም የሚያዋራኝ ሰው ሲጠፋ እሱን አዳምጣለሁ።»

መርፌ ያልሰፋችበትን መርፌ አስቀመጠች። እኔን አየች፣ ከእኔ ወደታች ትራሱን አየች። ከዚያ ተነስታ መጥታ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ፤ እንዲህ አድርጎ ከወንበሬ ያስነሳኝ ሰው የለም። ትራሱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ራሷ የሰፋችውን ስፌት ራሷ ተረተረችው።

ሰማያዊ ቁርጥራጭ ወጣ። ክር ወጣ። ከዚያ ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት። እንደ ጥብጣብ የቀጠኑ ዳሮች፤ አንዱ ላይ የመጽሐፍ ስም፣ አንዱ ላይ ቁጥር፣ አንዱ ላይ ምንም። እኔ የሰው መጻሕፍት ላይ ተቀምጬ ነው የከረምኩት።

ጠረጴዛውን አጸዳንና ለቀማው ተጀመረ። መቀሱ ሲያልፍ ፊደሎቹን መሃል ለመሃል ከፍሏቸዋል፤ ግማሹ ፊደል አንቀጹ ላይ፣ ግማሹ ዳሩ ላይ ቀርቷል። ዳሩን አምጥተን አንቀጹ ጎን ስናስጠጋው ፊደሉ ሙሉ ከሆነ ዘመዳሞች ናቸው። ልጅቱ እያነበበች ትፈልጋለች፣ እናትየው እጥፋቱንና የቀለሙን ድምቀት እያየች። እኔ ግማሽ ፊደል ይዤ ግማሹን ስፈልግ አረፈድኩ። አንዱ ሲገጥም ልጅቱ ታጨበጭባለች፤ እኔም ሳላስበው አብሬ አጨበጨብኩ። የገጠመውን ሁሉ መርፌ በክር አያያዘችው፤ ሙጫ አላመነችም። ምሳ ሳይደርስ ጠረጴዛው ላይ ያልገጠመ አንቀጽ ሁለት ሦስት ቀረ፤ እነሱን ከጽሑፏ አወጣቻቸው። ለምን ታወጫለሽ ስላት አባቱ ያልታወቀ ዕቃ በእኔ ሱቅ አይሸጥም አለችኝ። ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ነበረ፤ ምስማሩንም ቀና ብላ ሰረቅ አድርጋ አየችው።

ደስታችን እስከዚያ ድረስ ነበር። ከዚያ ደረቱ ላይ ደረሰች።

የሁለቱ ዋና ምስክሮች የታችኛው ዳር ተገኝቷል። እዚያ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ነበረ፤ ያኔ ሳታነበው የከረከመችው። አንደኛው መጽሐፍ ነገሩን ከአንድ የድሮ ጋዜጣ አግኝቻለሁ ይላል፣ ቀኑንም ይጠቅሳል። ሁለተኛውን አነበበች። ያው ጋዜጣ፣ ያው ቀን።

«ሁለት ምስክር አለኝ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንዱ ሰው ነው ኮት ቀይሮ የመጣው።»

ሰኞ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ በር ሲከፈት ሦስታችንም ደጁ ላይ ነበርን። ጋሽ ዝምታ የተጠረዘውን የጋዜጣ ጥራዝ በሁለት እጃቸው ታቅፈው አመጡት፤ አቧራው ልጅቱን አስነጠሳት። ቀኑ ተገኘ። ገጹም ተገኘ። የጋዜጠኛ ጽሑፍ አልነበረም፤ የመንግሥት መመሪያም አልነበረም። የአንድ አንባቢ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ከተማው ውሻ መብዛት፣ ስለ አውቶቡስ መዘግየት ይነጫነጭና መጨረሻው ላይ የሴት ልጆች ቀሚስ ኪስ መቅረቱ ጥሩ ነው፣ መልስ ይደብቁበት ስለነበር ሊሆን ይችላል መሰለኝ፣ ይላል።

መሰለኝ። መርፌ በዚያች ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ያቺ ቃል ከጋዜጣው ወደ አንደኛው መጽሐፍ ስትሻገር ወድቃለች። ሁለተኛውም መጽሐፍ አላነሳትም።

ልጅቱ የእናቷን ነገር አውቃ ቀደመቻት። እማዬ፣ እባክሽ ተይው አለቻት። የመጽሐፉ ስም አለ፣ ገጹ አለ፣ መምህሩ የጠየቀው እሱን ነው፤ ይሄን ጋዜጣ ማን ከፍቶ ያያል? ዛሬ ካላስገባሽ እኮ ለብቻዬ መመረቄ ነው። ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ያን ጊዜ ነው እሷም ምን ያህል እንደፈለገችው ያወቅሁት።

መርፌ የልጇን ፀጉር ወደ ኋላ አደረገችላት።

«ውስጡ የተተረተረ ልብስ ተኩሼ ለሰው አልሰጥም፣ የኔ ልጅ። ኮምፒውተርሽን ክፈቺና ቁጭ በይ፤ ገና ጠዋት ነው።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደረቱን አፈረሰችው። እሷ ትናገራለች፣ ልጅቱ ትጽፋለች፣ ጋሽ ዝምታ ዝም በሉ ማለቱን ትተው ራሳቸው መጽሐፍ ያመላልሳሉ። እኔ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማልችል ሹራባቸውን አስወልቄ ቁልፍ ተከልኩላቸው። አዲሱ ደረት እንዲህ የሚል ነበር፦ መጻሕፍቱ ይህን ይላሉ፤ ምንጩ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም ግምት ነው። ኪስ እንደነበረ የሚያስታውሱ ሴቶች አሉ፤ ምን ይይዙበት እንደነበር እነሆ። በየዘመኑ ከነበሩት ናሙናዎች ቀሚሱ እየጠበበ፣ ጨርቁም እየተቆጠበ እንደመጣ ይታያል፤ ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት ግን ማስረጃ አላገኘሁም። መመሪያው ካለም አላየሁትም፤ የፈለግሁባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

ጸሐይ ሳትጠልቅ አስገባች። መምህሩ ሲቀበላት ጣቱን ወጋው፤ ገጾቹን ከያዘችባቸው ስፒሎች አንዱ ሳይነቀል ቀርቶ ነበር። ስንቱን ጽሑፍ አንብቤአለሁ፣ መልሶ የወጋኝ ይሄ ብቻ ነው ብሎ ደሙን በመሐረብ ጠረገ።

የምትከራከርበት ቀን እኔም ሄድኩ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ትራሴን ይዤ ነበር። ያች ሜትር ይዛ ሰው የምታስጨንቅ ሴት እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ቆማለች። መምህራኑ ጠየቁ፣ መለሰች፤ ጠየቁ፣ መለሰች። መጨረሻ ላይ ከመካከላቸው አንዱ፣ ሸምገል ያለው፣ ወረቀቱን አስቀምጦ «እንግዲህ ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ኪሱ የት ሄደ?» አላት። የቀሩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«አላገኘሁትም» አለች መርፌ። «የት የት እንደፈለግሁ ግን ጽፌዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚፈልግ ሰው እዚያ ጊዜውን አይጨርስ፤ ከቆምኩበት ይጀምር።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ወደ ወጣቱ መምህር ዞር ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ፤ ወጣቱም ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር አሳየው። ከዚያ አለፈች አሏት። ልጅቱ ከአጠገቤ ብድግ ስትል ወንበሩ ተገለበጠ።

ጽሑፉ ሲጠረዝ አንዱን ለእኔ አመጣችልኝ። ከኋላ ጀምሪ አለችኝ፤ እሷም የጋሽ ዝምታ ተማሪ ሆናለችና። ከኋላ መጻሕፍቱ በተርታ ቆመዋል፣ ጋዜጣው አለ። ከእነሱ ሥር የተጠየቁት ሴቶች ስም ነው። መነጽሬን ጠርጌ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ስሜ ከነአባቴ ታትሞ አገኘሁት፤ ከጎኑ፣ በቃል የተነገረ፣ ስፌት ቤት፣ ይላል። ስሜን ተጽፎ ያየሁት ከትምህርት ቤት መዝገብ ወዲህ ያኔ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ።

የምረቃ ጋዋን ኪስ የለውም። መርፌ ይህን ያወቀችው ለመልበስ ስትሞክር ነው፤ ቆማ እጇን በጎኗ ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተችና ሳቋ መጣባት። የኪራይ ልብስ ነው፣ ይቆጡሻል ብንላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በቀኝ በኩል ኪስ ገጠመችለት፤ ከውጭ ቢያዩት አይታወቅም። ለልጅቱም ሠራችላት። ወሬው ከልጅቱ ወደ ጓደኞቿ ሄዶ በምረቃው ዋዜማ ስፌት ቤታችን በጥቁር ጋዋን ተሞላ።

በዕለቱ ፎቶ አንሺው ሊያነሳን ሲል መርፌ ቆዩ አለች። ጋዋኗን አወለቀችና እኔን አለበሰችኝ፤ ቆቡንም ጫነችብኝ። እኔ አልተማርኩ ምን ይሉኛል ብዬ ብግደረደር ልጅቱ ከኋላ ይዛ ቁልፉን ቆለፈችልኝ። መሃላቸው ቆምኩ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ኪሱን አግኝቶ ገባ። ውስጡ ትንሽ ነገር ነካሁ፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያሰምርበት ጠመኔ፣ ስባሪ። ኋላ ስጠይቃት ስሰፋ ረስቼው ነው አለችኝ። መርፌ ደግሞ ዕቃዋን የትም አትረሳም፤ አልተከራከርኳትም።

ጋዋኑን ኪሱን ሳትፈታ መለሰችው። አሁን በየዓመቱ የማናውቃት ልጅ ትለብሰዋለች። ፎቶው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሦስታችንም ጥርሳችን እስኪታይ ስቀናል። ደንበኛ ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ምሁሯ ማናት ብሎ ያሾፍብኛል። ቀኝ እጄ ግን ፎቶው ላይ አይታይም።